በ46 ዓመቴ የትዳር አጋር በስልክ ብፈልግ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሲሆን አነስተኛ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሴቷ ልጄ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች፤ የ19 ዓመቱ ወንድ ልጄ ከእኔ ጋር ይኖራል። ለበዓል የመጣችው ልጄ «እማ፣ ብቻሽን አታርጂ» ብላ የመተዋወቂያ አፕ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ብዙ ሰው ጽፎልኛል፤ ከሁሉም የቀረበኝ ግን የወሎ ተወላጅ እንደሆነና በውጭ አገር በነዳጅ ኩባንያ በመሐንዲስነት እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው ነው። ጠዋትና ማታ ሳይጽፍልኝ አይውልም። በቪዲዮ እንነጋገር ስለው የሥራው ቦታ እንደማይፈቅድ ይነግረኛል፤ በቅርቡ ደግሞ የላከልኝ ስጦታ ጉምሩክ ስለተያዘ የማስለቀቂያውን እንድከፍል ጠየቀኝ። ገንዘቡን አልከፈልኩም፤ ልቤ ግን ለሁለት ተከፍሏል። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባቴ ነውር ይሆን? ብቀጥልስ የትኛውን አፕ ልምረጥ? እንዴትስ ልጠቀምበት?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ነውር ነው አይደለም ወደሚለው ከመሄዳችን በፊት የገንዘቡን ጉዳይ ላስቀድም፤ አይክፈሉ። ጥቂቱን እንኳ ቢከፍሉ ሌላ ክፍያ ይከተላል እንጂ የሚመጣ ዕቃ የለም። በሩቅ የነዳጅ ጉድጓድ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ግዳጅ ላይ ያለ የጦር መኮንን፣ በጦርነት ቀጠና የተሰማራ ሐኪም የሚሉት ማንነቶች አጭበርባሪዎች በመላው ዓለም ደጋግመው የሚለብሷቸው ናቸው፤ የሚመርጧቸውም ሥራው ራሱ በአካል ላለመምጣትና በቪዲዮ ላለመታየት ምክንያት ስለሚሆናቸው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተታልለው 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደተወሰደባቸው ያቀረቡትን አቤቱታ መዝግቧል። ይህን የማነሣው ላስፈራዎት አይደለም፤ ልብዎ የተነካው ሞኝ ስለሆኑ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ነው። የተጻጻፋችሁትን ሳያጠፉ ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ፤ በአፑ ውስጥ ሪፖርት ያድርጉት፤ ከዚያም ብሎክ ያድርጉት። በፎቶዎ ወይም በጻፉት ነገር ሊያስፈራራዎት ከሞከረ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒውተር ማታለልንም ማስፈራራትንም በወንጀል የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ያስቀመጡትን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ።

ወደ ነውሩ ልመለስ። በወሎ ሰው ለትዳር የሚተዋወቀው ከጥንትም ብቻውን አልነበረም፤ ዘመድ ያያል፣ ጎረቤት ያመለክታል፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የሰውየው አባትና እናት፣ ጠባዩና ሥራው ሁሉ ይነሣል፣ በመጨረሻም ሽማግሌ ይላካል። ይህ ሥርዓት ለወጣቷ ልጃገረድ ተብሎ የተዘረጋ ነው። ባሏ የሞተባት የ46 ዓመት ሴት ግን «ልጆችሽን አሳድጊ» ከመባል በቀር ማንም ስለ እርሷ ሽማግሌ ሊልክ አያስብም፤ ብቸኝነቷንም እንደ ጨዋነት ስንቆጥርላት መኖራችን እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጎረቤት ያላሰበላትን ሴት ስልክ ሲያስተዋውቃት ነውሩ የት ላይ እንደሆነ አይታየኝም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ አፑ ሰውየውን ያሳይዎታል እንጂ ስለ እርሱ የሚመሰክርልዎት ሰው የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልዎት ሁሉ ያንን ምስክር መልሶ ስለ ማስገባት ነው።

አፕ ሲመርጡ መመዘን ያለብዎት የስሙን ገናናነት ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ይገኙበታል ወይ፣ እርስዎስ ማን እንዲያይዎት መወሰን ይችላሉ ወይ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ቲንደር ሰፊ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ካልተመራረጡ በቀር መጻጻፍ አይቻልም። ሆኖም ብዙዎቹ ተጠቃሚዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በመካከላችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለም ይናገራል፤ ይህ ደግሞ እንደ ደሴ ባለ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ርቀቱን መደበቂያው ከሚከፈልበት አገልግሎት ጋር የሚመጣ ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ ግን በስልክዎ የተመዘገቡ ሰዎች እንዳያዩዎት ማገጃ አለው። የደንበኞችዎ ቁጥር በስልክዎ ላለ ለእርስዎ ለባለሱቋ ማገጃው በጣም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው ባምብል በወንድና በሴት መካከል መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቷ ብቻ እንድትሆን አድርጎ የተነሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ደንብ ቢያላላውም፣ እንደ እርስዎ በመልእክት ብዛት ለተጨናነቀች ሴት ከሌሎቹ ይልቅ ያሳርፋል።

ደብዳቤዎ ሃይማኖትዎን አልጠቀሰም። ሙስሊም ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተውንና አሁን መዝ (Muzz) የሚባለውን አፕ ቢያዩት እመክራለሁ፤ ፎቶዎን እርስዎ እስኪፈቅዱ ድረስ ያደበዝዛል፣ ከፈለጉም ወሊ፣ ማለትም ስለ እርስዎ የሚቆም ዘመድ፣ አስመዝግበው የምትጻጻፉት ለእርሱ እንዲደርሰው ማድረግ ይችላሉ። ምስክሩን ከመጀመሪያው ያስገባ አሠራር በመሆኑ ደስ ይለኛል። በሃይማኖት ረገድ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተዋልደው የሚኖሩበት ምሳሌ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ለእርስዎ የሚሆነውንና የማይሆነውን በፕሮፋይልዎ ላይ በግልጽ ቢጽፉት ሁለታችሁም ከብዙ ወራት ድካም ትድናላችሁ። በቴሌግራም ላይ ያሉትን የትዳር አገናኝ ቻናሎች ግን አልመክርዎትም፤ ፎቶዎና ቁጥርዎ በማያውቁት ደላላ እጅ ከገባ በኋላ ለማን እንደተላለፈ የሚያውቁበት መንገድ የለም። የሚከፈልበትን አገልግሎት ለመግዛትም አይቸኩሉ፤ ነጻው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል።

ርቀቱን በ20 ኪሎ ሜትር ቢወስኑት የሚያገኙት ጥቂት ሰው ነው፤ አፑ የሚፈቅድ ከሆነ እስከ አዲስ አበባ ቢያሰፉት ሰው ይበዛል፤ ውጭ ያለውን ከጨመሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። በዚያው መጠን ምስክሩም ይርቃል። ከውጭ የሚጽፍ ወሎዬ ሁሉ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ በዓረብ አገርም በአሜሪካም የሚኖሩ፣ እንደ እርስዎ አጋር የሚፈልጉ ቅን ሰዎች አሉ። እውነተኛው ሰው ግን የሚጣራበት ዘመድ አለው። በየትኛው ሰፈር እንዳደገ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተማረ ይጠይቁት፤ ሰኞ ገበያ ወይም ሸዋ በር ያደገ ሰው ሁለትና ሦስት ስልክ በመደወል የሚያውቀው ይገኛል። ይህን ስለጠየቁት የሚቀየም ሰው ቢቀየምም አይዘኑበት፤ የወሎ ሰው ለትዳር ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቁን እንደ ክብር ነው የሚቆጥረው።

ፎቶውን በጉግል ሌንስ (አንድ ፎቶ በኢንተርኔት ሌላ ቦታ መኖሩን በሚፈልግ መሣሪያ) ቢፈትሹት የሌላ ሰው ከሆነ ሊጋለጥ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በቪዲዮ ይነጋገሩ፤ ዛሬ ፊትን በኮምፒውተር መቀየር ስለሚቻል፣ እየተነጋገራችሁ ፊቱን ወደ ጎን እንዲያዞር ወይም እጁን በፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ ቢጠይቁት አይከፋም። ስልክ ቁጥርዎን ለመስጠት አይፍጠኑ፤ በቴሌብር ገንዘብ ለመላክ ቁጥር የሚያስገባ ሰው የባለቤቱን ስም ስለሚያይ፣ ቁጥር መስጠት ስም መስጠት ነው። ይኸው ነገር ለእርስዎም ይሠራል፤ የአገር ውስጥ ቁጥር ሲሰጥዎት የነገረዎትን ስም ማመሳከር ይችላሉ። በቴሌግራም የምትጻጻፉ ከሆነ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ አድርገው ያስተካክሉት። ራቁትነትን የሚያሳይ ፎቶ፣ ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይላኩ።

ስትገናኙ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን። ደሴ ላይ መታየት ከከበደዎት ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በራስዎ ትራንስፖርት ወርደው በራስዎ ትራንስፖርት ይመለሱ። በእርሱ መኪና ወደ ሐይቅ ዳር እንሂድ ቢልዎት ለአራተኛ ወይም ለአምስተኛ ጊዜ ያቆዩት። የት እንዳሉና ከማን ጋር እንደሆኑ ሴት ልጅዎ ወይም አንዲት የልብ ጓደኛዎ ትወቅ።

ነገሩ ወደ ትዳር ካመራ፣ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት እንዲያመጣ፣ ሁለታችሁም የጤና ምርመራ እንድታደርጉ ይጠይቁ። ሱቅዎን በተመለከተ፣ በቤተሰብ ሕጋችን ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል፤ ከጋብቻ በኋላ የሚገኘው ገቢ ግን፣ ከግል ንብረት የሚገኘው ጭምር፣ የጋራ ይሆናል። ስለዚህ ከመፈራረማችሁ በፊት የጋብቻ ውል አዘጋጁ፤ የልጆችዎ ድርሻም ከወዲሁ ይታወቅ።

በመጨረሻ ስለ ወንድ ልጅዎ። እህቱ የምታውቀውን እርሱ ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ እንዲሰማው አያድርጉ። የሚያስተዋውቁት ሰው ሳይኖር፣ ዛሬ፣ አንድ ቀን ቡና ላይ «አባትህን የሚተካ ሳይሆን ለእኔ ጓደኛ የሚሆን ሰው እየፈለግሁ ነው» ይበሉት። ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ። ውሎ አድሮ ከማንም በላይ ሰውየውን የሚያጣራልዎት፣ የመጀመሪያው ምስክርዎ ሊሆን የሚችለውም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር በፍቺ ተለያይተናል። ሦስት አፕ ላይ ተመዝግቤ ዕድሜዬን 44 ብዬ ሞላሁ፣ የመታወቂያ ፎቶዬን አስቀመጥሁ፣ ለብዙ ሴቶችም ሰላምታ ላክሁ፤ የመለሰችልኝ የለችም። ምን ጎደለኝ?

ከወልድያ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ዕድሜዎን ያስተካክሉ። ስምንት ዓመት የቀነሱላት ሴት ስታገኝዎት ቀጥላ የምትጠይቀው ሌላ ምን እንደዋሿት ነው፤ እንደ ላይኛዋ ጠያቂያችን ተታልላ የምታውቅ ከሆነች ደግሞ ለመጠየቅም አትቆይም። ከሦስቱ አፖች አንዱን ብቻ ያስቀሩ። በመታወቂያው ፎቶ ፋንታ ባለፉት ወራት በቀን ብርሃን የተነሡት ይሁን፤ በሥራ ቦታዎ ወይም በሰው መካከል ሆነው የተነሡት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ፕሮፋይልዎ ላይ መፋታትዎን፣ ልጆች ካሉዎት ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩና ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚፈልጉ በአራትና በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሰላምታውንም ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አይላኩት፤ የጻፈችውን አንብበው፣ ከጻፈችው ውስጥ አንዱን ነገር ይጠይቋት።