ደርሶ መልሱን ሳታዩ አትመኑ

ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ዲክሽነሪን፣ ማለትም እያንዳንዱን መረጃ (እሴት) ከመጠሪያው (ቁልፍ) ጋር አጣምሮ የሚይዝ የፕሮግራም መዝገብን፣ ወደ ጽሑፍ የምቀይርበትን ዘዴ ራሴ ፈጥሬ ነበር። ቁልፉን ከእሴቱ በእኩል ይሆናል ምልክት፣ አንዱን ጥንድ ከሌላው በኮማ እለያለሁ፤ በቃ። ወራት ሠራልኝ። አንድ ቀን አንድ ተጠቃሚ አድራሻው ውስጥ ኮማ አስገባና ጽሑፉን መልሼ ሳነብ የሰውየው አድራሻ ተቆርጦ፣ ግማሹ ራሱን የቻለ ቁልፍ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ችግሩን እስካገኘው ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

እናንተ ይህን አትድገሙ፤ መረጃን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጫና መላላኪያ የሆነው ጄሰን (JSON) አለላችሁ። ግን እሱንም በጭፍን አትመኑት። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ቁልፉ ቁጥር 1 የሆነ ዲክሽነሪ ወደ ጄሰን ቀይራችሁ መልሱት፤ የሚመጣላችሁ «1» የሚል ጽሑፍ ነው፤ በጄሰን ቁልፍ ሁልጊዜ ጽሑፍ ነውና። በቁጥሩ ስትፈልጉት የለም። ይባስ ብሎ ቁጥሩ 1 እና ጽሑፉ «1» ሁለቱም በአንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ቁልፍ ከሆኑ፣ ሲጻፉ አንድ ስም ይይዛሉ፣ ሲመለሱ የኋለኛው ብቻ ይተርፋል። ማስጠንቀቂያ የሚባል የለም። ፕሮግራሙ ቢቆም ይሻለኝ ነበር።

ተፕልም (የማይለወጥ ዝርዝር) ሄዶ ሊስት (የሚለወጥ ዝርዝር) ሆኖ ይመለሳል። ቀንን ደግሞ ጄሰን አያውቀውም፤ እኔ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብዬ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። ረጃጅም መለያ ቁጥሮችንም በጽሑፍ ላኩ፤ ጃቫስክሪፕት የተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ከ9007199254740991 በላይ ያለን ሙሉ ቁጥር ሲያነብ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ሊቀይርባችሁ ይችላል።

አማርኛ ስትጽፉ ፓይተን ፊደሉን በኮድ ተክቶ ቢያወጣው አትደንግጡ፤ ሲመለስ ፊደሉ ይመለሳል። ቦታ ግን ይበላል፦ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጫ ዘዴ ነው) 3 ባይት የሚበቃው ፊደል በኮዱ 6 ይሆናል። ይህን መተካት ማጥፊያ አማራጭ አለው።

የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ከውጭ የመጣን ጽሑፍ በኢቫል (ጽሑፍን እንደ ፕሮግራም ትእዛዝ በሚያስኬደው) ወይም በፒክል (በፓይተን የራሱ የመረጃ ማስቀመጫ ዘዴ) አትመልሱ። የላከው ሰው የፈለገውን ትእዛዝ ማሽናችሁ ላይ ሊያሠራ ይችላል።

ሌላውን በፈተና ትደርሱበታላችሁ፦ ቀይሩ፣ መልሱ፣ ከመነሻው ጋር አስተያዩ። ለናሙና ቆንጆ ቆንጆውን አትምረጡ፤ ባዶ ጽሑፍ፣ ትእምርተ ጥቅስ፣ አዲስ መስመር፣ የአማርኛ ስም፣ ትልቅ ቁጥር ክተቱበት። እኔ ያኔ ናሙናዬ ውስጥ አንዲት ኮማ ጥዬ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ሌሊት እተኛ ነበር።