ከሜዳ ወደ ካርታ ጠረጴዛ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ውጭ አገር፣ ካዚኖ ውስጥ፣ ለዓመታት ካርታ ሳድል ኖሬ ተመልሻለሁ። ስፖርት አቁመው ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር መተዳደሪያቸው ስላደረጉ ሰዎች ሳወራ የሰማችሁ ጥያቄ አዘነባችሁብኝ። እንሂድ።

ከደብረ ሲና፦ እውነት የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያለው ሰው ካርታ ይጫወታል?

አዎ። ፋጢማ ሞሬራ ዴ ሜሎ የምትባል ሆላንዳዊት አለች። የሆኪ ተጫዋች ነበረች፤ የእኛ ገና ጨዋታ የሩቅ ዘመድ በሉት። በ2000 ሲድኒ ላይ ነሐስ፣ በ2004 አቴንስ ላይ ብር፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቅ አገኘች (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ዱላዋን ሰቅላ ፖከር ገባች። ፊንላንዳዊው ፓትሪክ አንቶኒየስም ቴኒስ ተጫዋች ነበር። ጀርባውን ሲጎዳ ነው ወደ ካርታው ያዘነበለው።

ከመሐል ሜዳ፦ ከኮንከር በምን ይለያል?

በብዙ። በተለመደው ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል። መሐል ላይ አምስት ካርታ ተራ በተራ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በየመሐሉ ገንዘብ ይመደባል። የማይረባ ካርታ ይዘህ ትልቅ መድበህ ሌላውን ማስፈራራት ትችላለህ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሯጭ ነበርኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ስፖርተኛ ለዚህ ነገር ምን የተለየ ነገር አለው?

መሸነፍ ያውቃል። አንተ ስንት ውድድር ሮጠህ ስንቱን አሸነፍክ? ጠረጴዛው ላይ ሁሌ የማየው አንድ ነገር ነበር። ትልቅ ገንዘብ የተበላ ሰው ለማስመለስ ይጣደፋል። በንዴት ይመድባል፣ ቀሪውንም ያስረክባል። ስፖርተኛው ውሃውን ይጠጣና የሚቀጥለውን ካርታ ይጠብቃል። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ ተፈትልኮ ቢወጣ ማራቶን የሚያውቅ ሯጭ ተከትሎት ይፈነዳል እንዴ? ደግሞም ትልልቆቹ ውድድሮች ለቀናት ይዘልቃሉ፣ በቀን አሥር ሰዓት ገደማ ያስቀምጣሉ። የለመደ አካል ይጠቅማል።

ግን ግባበት እያልኩህ አይደለም፣ ወንድሜ። እነዚያ ሰዎች ስንቃቸውን ከስፖርቱ ይዘው ነው የመጡት። ሁለተኛ ሥራ ካማረህ የመንዲዳ አካባቢውን ልጅ አበበ ቢቂላን አስብ። በ1969 (ይህም በፈረንጅ ነው) መኪና ከገለበጠው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ተወዳድሯል።

ከአንኮበር፦ ዕድል ብቻ አይደለም?

ለአንድ ማታ ዕድል ነው። ሁለት አስ፣ ማለትም መጀመሪያ ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች ትልቁ ጥንድ፣ በአማካይ ከ221 አንዴ ነው የሚደርስህ። ሌላው ሁለት ንጉሥ ይዞ ሁለታችሁም ያላችሁን ሁሉ ብትመድቡ እንኳ ከ100 ጊዜ 18 ያህሉን ትሸነፋለህ። ያን ሁሉ ጠብቀህ! ችሎታው የሚታየው በሺህ በሚቆጠር ዙር ውስጥ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ እናት፦ ልጄ ቤቲንግ ቤት ይውላል። “እኔም ፕሮፌሽናል እሆናለሁ” ይለኛል።

እትዬ፣ ያ ሌላ ነው። ቤቲንግ ቤት ውስጥ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፤ ዋጋውንም የሚያወጣው ቤቱ ነው። ፖከር ላይ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ነው የሚበላሉት፣ ቤቱ ግን ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል። ስለዚህ ከጎረቤት ትንሽ የሚሻል ሰው እንኳ ከስሮ ይነሳል። ልጅዎ በማስታወቂያ የሚያያቸው ዝነኞች ደግሞ ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ለፊታቸው ነው። የቴኒስ ዝነኞቹ ቦሪስ ቤከርም ራፋኤል ናዳልም የፖከር ድርጅት ማስታወቂያ ሠርተዋል። ይህንን ይንገሩት። ያበደሩትንም ገንዘብ ካለ ያስመልሱ።

ከመንዝ፦ ጋሼ፣ እርስዎስ ይጫወታሉ?

ካርታ አዳይ ብዙ ያያል፣ ስለዚህ በገንዘብ አልጫወትም። ኮንከር ግን እወዳለሁ። ባለፈው እሑድ የአራት ሰው የሻይ ሂሳብ ተበላሁ።