ግሉታሜትን ላጥና ወይስ ፋርማሲ ልቀጠር?

ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ፣ ጥያቄሽን ላሳጥረው። ታናሽ ወንድምሽ የሚጥል በሽታ አለበት። ፌኖባርቢታል ይወስዳል፣ አሁንም ግን አልፎ አልፎ ይጥለዋል። አንቺ ስለ አንጎል የግሉታሜት ተቀባዮች (መልእክቱን ስለሚቀበሉት የነርቭ ሴል በሮች) አንብበሽ «መድኃኒቱ ያለው እዚህ ጋ ነው» ብለሽ ተነስተሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ተመረቂና አንዱ ፋርማሲ ግቢ፣ ደሞዝ አምጪ» ይላል። ማንን ልስማ ነው ያልሽው።

ሁለቱንም ስሚ። መጀመሪያ ግን ስለ ግሉታሜት ያለሽን ነገር ትንሽ ላስተካክል።

ግሉታሜት ጠላት አይደለም እኮ። የአንጎል ዋናው ቀስቃሽ መልእክተኛ ነው። ያጠናሽውን የምታስታውሺው በእሱ ነው፣ አሁን ይህን የምታነቢውም በእሱ። ሲጥል ቅስቀሳው ስለሚበዛ «ተቀባዩን እንዝጋው» ማለት ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ተቀባይ ውሰጂ፤ ሴሉ ሲያርፍ ቀዳዳውን ማግኒዥየም እንደ ቡሽ ይወትፈዋል፣ ሴሉ ሲነቃቃ ብቻ ቡሹ ይለቃል። ተመራማሪዎች ይህን አይተው ጓጉ። እንስሳት ላይ ሠራ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ታማሚዎቹ ይደናገሩ፣ ይቃዡ ጀመር፣ ብዙዎቹ ሙከራዎችም እዚያው ቀሩ። ፌልባሜት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒትም አስቢ፤ ከሥራዎቹ አንዱ ኤንኤምዲኤን ማገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ፣ በዓመቱ የአንዳንዶችን መቅኔ ደም መሥራት አስቁሞ፣ የአንዳንዶችን ጉበት አበላሽቶ ሰው ገደለ። ዛሬ የሚታዘዘው ሌላ አማራጭ ላጣ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፔራምፓኔል የሚባለው መድኃኒት መጣ። እሱ የሚያግደው ኤኤምፒኤ የተባለውን ፈጣኑን ተቀባይ ነው፣ ያውም ከግሉታሜት ጋር ለአንድ ወንበር ሳይጋፋ፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ። እሱም ቢሆን ቁጣና ጠበኝነት ሊያመጣ እንደሚችል ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል።

ገባሽ? እዚህ ሙያ ውስጥ የተቀባይ ስም መሸምደድ እንጀራ አይሆንም። ምን ያህል ቢታገድ ሰውየው ሳይጥለው፣ ጠባዩም ሳይበላሽ ይኖራል የሚለውን መለካት ነው ሥራው። ስለዚህ ፋርማኮሎጂን፣ መድኃኒት ሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናውን፣ ለማስተርስ ያዢ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት አለልሽ። እዚያ በዚህ በሽታ ላይ በብዛት የሚሠራው የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ጨምቆ ለአይጥ መስጠትና ከዚያ በኤሌክትሪክ ወይም ፔንቲሊንቴትራዞል በሚባል ኬሚካል ማንቀጥቀጥ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ። ፔንቲሊንቴትራዞል የሚነካው ጋባ የሚባለውን አረጋጊ ሥርዓት ነው፤ እንግዲህ አይጧ ሳትንቀጠቀጥ ቀረች ማለት ቅጠሉ ግሉታሜትን አገደ ማለት አይደለም። ይህን ለይተሽ የምትናገሪ ከሆነ አማካሪ አታጪም።

ላቦራቶሪ እስክትገቢ አትቀመጪ። የኤኤምፒኤ ተቀባይ ሙሉ ቅርጽ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በነፃ የሚወርድ ፋይል ነው፣ ፔራምፓኔል ተጣብቆበት የሚታየውም አለ። በሌሊት ፓኬጅ አውርጂው። መድኃኒት ከተቀባይ ጋር እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር የሚያሰላውን፣ አውቶዶክ ቪና የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነሽ መድኃኒቱን ከቦታው አውጥተሽ መልሰሽ ለመግጠም ሞክሪ። ሦስት ወር ይፈጅብሻል፣ መጀመሪያ ላይ ያናድድሻል፣ ግን ውጭ አገር ለስኮላርሺፕ ስታመለክቺ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል።

የደሞዙስ ጉዳይ? ቤተሰቦችሽ አልተሳሳቱም። የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሰፈርሽ ሩቅ አይደለም፣ እየሞከርሽ ቆዪ። እዚያ የምታገኚው አዲስ መድኃኒት መፈልሰፍ ሳይሆን የታወቀውን ማምረትና ጥራቱን መቆጣጠር ነው፣ እሱም አይናቅም። የሥራ መደቡን ስም ግን አትመኚ። እኔ በጊዜዬ «የምርምር ባለሙያ» ተብዬ የተቀጠርኩበት ድርጅት ሁለት ዓመት ሙሉ ናሙና በቦርሳ አሸክሞ ከክሊኒክ ክሊኒክ አዞረኝ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ያለቀው ጫማዬ ምስክሬ ነው። ከመፈረምሽ በፊት «ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ምንድን ነው የምሠራው?» ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ወንድምሽ ደግሞ። ፌኖባርቢታል ከእ.ኤ.አ. 1912 ጀምሮ ያለ አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ግን አሮጌ ስለሆነ አትናቂው፤ በዓለም ላይ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ወደ 50 ሚሊዮን ሰዎች ብዙዎቹ ርካሽ መድኃኒት እንኳ በቅጡ አያገኙም። በድንገት እንዳያቋርጥ፣ ቢያቋርጥ ይብስበታል። ጸበል ሲሄድም ኪኒኑን ይያዝ። ክብሪት ማሽተቱን ተዉት፣ በጎኑ አስተኙት። አሁንም የሚጥለው ከሆነ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን የሚቀይርለት የነርቭ ሐኪም ነው እንጂ አንቺ ወደፊት የምታገኚው ግኝት አይደለም፤ በዚህ ወር ውሰጂው።

ለአማካሪ የምትልኪውን ደብዳቤ መጀመሪያ ለእኔ ላኪው። ከአሥር መስመር ካለፈ አላነብም።