ሩዝና ፓስታ በደጋና በቆላ ምድጃ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ስለ ሩዝና ስለ ፓስታ አበሳሰል ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ እያደረግሁ መልሻቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች «ለምን አይጣፍጥልኝም?» ወደሚለው ያመራሉ። ወጥ መሥራት የሚችል ሰው ጣፋጭ ፓስታና ሩዝ ለመሥራት የሚጎድለው ሙያ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ጣዕሙ የሚጠፋው ለወጥ ቁሌት የምንሰጠውን ጊዜና ትዕግሥት ለሱጎው ስለምንነፍገው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በፓስታው መያዣ ላይ 10 ደቂቃ ይላል፤ በ10 ደቂቃ ሳወጣው ግን መሐሉ ጥሬ ነው። ሩዙም ውጩ እየላቆጠ ውስጡ ይጠነክርብኛል። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የዕቃውም የእርስዎም አይደለም፤ የከፍታው ነው። ውኃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በድስትዎ ውስጥ የሚንተከተከው ውኃ 90 ወይም 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። እሳቱን ቢያበረቱትም ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሸዋ ሮቢት ያለች እህትዎ ግን ቆላ ስለሆነች በ95 እና በ96 ዲግሪ መካከል በሚፈላ ውኃ ታበስላለች፤ የእርሷን ደቂቃ ለእርስዎ ብትነግርዎ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በመያዣው ላይ የተጻፈው ደቂቃ መነሻ ብቻ ይሁንዎ፤ ለፓስታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጨምሩበት። መብሰሉን ለማወቅ አንዱን ስፓጌቲ አውጥተው በቢላ ይቁረጡትና የተቆረጠበትን ፊት ይመልከቱ። መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጭ ነጥብ ከታየ ገና ነው፤ ነጥቡ ሊጠፋ ሲል ማውጣት ይገባል፤ ምክንያቱም ሱጎው ውስጥ ገብቶ ቀሪውን ይበስላል። ሩዙን በተመለከተ ደግሞ ውጩ ላቁጦ ውስጡ የሚጠነክረው ብዙውን ጊዜ እሳቱ በርትቶ ውኃው ወደ ቅንጣቱ መሐል ሳይደርስ ስለሚያልቅ ነው። ከማብሰልዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን እጅግ ዝቅ ያድርጉ፤ ክዳኑም በደንብ የሚገጥም ይሁን። ከእሳት ካወረዱት በኋላም ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በድስቱ የቀረው እንፋሎት የቅንጣቱን መሐል ያለሰልሰዋል። ፕሬዠር የሚባለው የግፊት ድስት ያለው ቤት ግን የከፍታውን ችግር ከሞላ ጎደል ተገላግሏል።

ጥያቄ፦ ሩዜ ሁልጊዜ እንደ ገንፎ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሩዙን ዓይነት ይለዩ። ከውጭ የሚገባው ረጅሙ የባስማቲ ሩዝ ሲበስል ቅንጣት በቅንጣት ይለያያል፤ አጭርና ወፍራም ቅንጣት ያለው ሩዝ ግን በተፈጥሮው መያያዝ ይወዳል። ከጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው የሀገራችን ሩዝ ብዙውን ጊዜ አጠር ያለና ስባሪ የበዛበት ስለሆነ፣ ከባስማቲ ጋር በአንድ ዓይነት የውኃ ልክ ሊበስል አይገባም። የፎገራውን ሩዝ ስባሪውን በወንፊት ነፍተው ለሾርባ ያስቀምጡ፤ ሙሉውን ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመው ይጠቡት፤ የሚያጣብቀው ከቅንጣቱ ላይ የሚራገፈው ዱቄት ነውና። ከዚያም ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይሞክሩ፤ በደጋ ለሚያበስል ሰው ሩብ ብርጭቆ መጨመር ያስፈልጋል። በሚበስልበት ጊዜ በማማሰያ አያማስሉት። ሩዝን እንደ ወጥ ማማሰል ገንፎ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የባሰው ነው።

ጥያቄ፦ በጾም ፓስታ ስሠራ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ይሆንና ልጆቼ አይበሉልኝም። ጣዕም ያለው የጾም ሱጎ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ስንቆጥር ይህ ጥያቄ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ስለሚመለከት ዘርዘር አድርጌ እመልሰዋለሁ። ለግማሽ ኪሎ ፓስታ ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ፣ አንድ መካከለኛ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ብርጭቆ ምስር ክክና ሩብ ብርጭቆ ዘይት ያዘጋጁ።

ምስሩን ለብቻው በውኃ ይቀቅሉት። ከቲማቲሙ ጋር ቢቀቅሉት የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ምስሩ እንዳይፈርስ ስለሚያደርገው ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ይቆያል። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገው ከትፈው እንደ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ እሳት ላይ ያቁላሉት፤ ውኃው ሲመጥና መልኩ ሲቀየር ዘይቱን ጨምረው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያብስሉት። እዚህ ላይ መቸኮል ምግቡን ያበላሻል፤ ጥሬው የሽንኩርት ሽታ ሳይጠፋ ቲማቲም ከተጨመረበት ሽታው እስከ ማዕድ ድረስ ይከተላል። ነጭ ሽንኩርቱ ቶሎ አርሮ ስለሚመር መጨረሻ አካባቢ ይግባ። ቀጥሎ ሳልሳውን ብቻውን ከሽንኩርቱ ጋር ይጥበሱት፤ ደማቅ ቀይ የነበረው ወደ ሸክላ ቀለም ሲጠቁርና ዘይቱ ከዳር ዳር መውጣት ሲጀምር የጥሬነት ጣዕሙ ጠፍቷል ማለት ነው። አሁን የተፈቀፈቀውን ቲማቲም፣ ጨውና ቃሪያ ጨምረው ማማሰያውን ወደ ጎን ሲስቡት የድስቱ ታች ለአፍታ እስኪታይ ድረስ ያንተክትኩት፤ ከዚያም የበሰለውን ምስር ያዋሕዱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው፦ የፓስታውን ውኃ ሁሉ አይድፉት። ፓስታው የለቀቀው ዱቄት ስላለበት አንድ ጭልፋ ውኃ ወደ ሱጎው ሲጨመር ዘይቱንና ቲማቲሙን አዋሕዶ ከፓስታው ጋር እንዲጣበቁ ያደርጋል። ፓስታውን በሳህን ላይ አድርጎ ሱጎ ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ፓስታውን ወደ ሱጎው ድስት አስገብቶ ሁለት ደቂቃ አብሮ ማገላበጥ ፍጹም የተለየ ምግብ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ፓስታ ሲቀቀል ዘይት ይጨመራል? ከወጣስ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል?

መልስ፦ ሁለቱም አያስፈልጉም። ዘይቱ ውኃው ላይ ከመንሳፈፍ በቀር ጥቅም የለውም፤ ማጠቡም ሱጎውን የሚይዘውን ዱቄት ያስወግደዋል። ፓስታው እንዳይያያዝ ውኃው ይብዛ፣ ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ያህል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎችም ይማሰል። የሚታጠበው ለሰላጣ የሚሆን መኮሮኒ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሱጎ ላይ በርበሬ መጨመር ነውር ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከሳልሳው በፊት በዘይቱ ውስጥ ይቁላላ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሰነሰ ግን ጥሬ ጥሬ ይላል።

ጥያቄ፦ እኛ መንዝ ነን፤ ጦስኝ በደጃችን ሞልቷል። ከሻይ ሌላ ለፓስታ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ እጅግ በጣም ይሆናል፤ ይህን በመጠየቅዎም ደስ ብሎኛል። በጓሳና በመሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች የሚበቅለው ጦስኝ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች ለሥጋና ለቲማቲም ሱጎ ከሚጠቀሙበት ቅጠል ጋር አንድ ወገን ነው። በሶብላም ኢጣሊያኖች ከቲማቲም ለይተው የማያዩት ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው። ሌሎች በውድ ዋጋ በትንሽ ብልቃጥ የሚገዙት ቅመም እናንተ ዘንድ በሜዳ ላይ ይገኛል። ደረቁ ጦስኝ ኃይለኛ ስለሆነ ለግማሽ ኪሎ ፓስታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ በመዳፍዎ አሽተው ከቲማቲሙ ጋር ያስገቡት፣ ሽታው በዝግታ እንዲወጣ። ትኩስ በሶብላ ግን ሙቀት ስለሚያጠፋው ድስቱ ከወረደ በኋላ ይጨመር። ሁለቱን በአንድ ድስት ባታደርጓቸው እመርጣለሁ፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ለበዓል የሚተርፈንን የበግ ሥጋ ከሩዝ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የመንዝ በግ ሥጋ ለዚህ ምግብ የተፈጠረ ያህል ይስማማዋል። አንድ ኪሎ አጥንት ያለበት ሥጋ እስኪለሰልስ ቀቅለው መረቁን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ የምግቡ ጣዕም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በሌላ ሰፊ ድስት ሁለት ሽንኩርት በንጥር ቅቤ አቁላልተው ሥጋውን ጨምረው ጠበስ ያድርጉት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬና አንድ ስባሪ ቀረፋ ያክሉበት። ታጥቦ የተንጠፈጠፈውን ሦስት ብርጭቆ ሩዝ ጨምረው ቅንጣቱ ሁሉ በቅቤ እስኪለበስ ድረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያገላብጡት፤ ይህ ሩዙ እንዳይያያዝ ይረዳል። ከዚያ ስድስት ብርጭቆ ተኩል የሞቀ መረቅ አፍስሰው፣ ጨው ቀምሰው፣ ድስቱን ከድነው በዝግታ እሳት ያብስሉት። መረቁ ካልበቃ በፈላ ውኃ ይሙሉት። መረቁ መጥጦ ሲያልቅ ድስቱን አውርደው በክዳኑና በድስቱ መካከል ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉ፤ ጨርቁ እንፋሎቱን ስለሚጠጣ ጠብታው ወደ ሩዙ ተመልሶ አያላቁጠውም። ሥጋው ቀድሞ በርበሬ በበዛበት ወጥ ከተሠራ ግን ይህን አይሞክሩ፤ ያን ጊዜ ነጭ ሩዝ ለብቻው ቀቅሎ ወጡን ከጎኑ ማቅረብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ማሾ በሰፈራችን ይመረታል፤ ከሩዝ ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፤ ለገንቢ ምግብነትም ከዚህ የሚሻል ርካሽ አማራጭ አላውቅም፣ ምክንያቱም በሩዙ ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰውን ማሾው ይሞላዋል። ማሾውን ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፈው በግማሽ ያብስሉት፤ ከዚያ ከእኩል መጠን ሩዝ ጋር በአንድ ድስት፣ በተቁላላ ሽንኩርት፣ እርድና ዝንጅብል ላይ ይጨምሩት። በመጨረሻ ነጭ አዝሙድና በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ጠብሰው ከላይ ያፍስሱበት። ጥርሳቸው ለደከመ አረጋውያንም ውኃውን ከፍ አድርጎ ለስለስ ባለ መልኩ መሥራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የተረፈ ሩዝ ለነገ ማሳደር ጉዳት አለው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አያያዙ ከተበላሸ አዎን፣ እውነት ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በሩዝ ላይ የሚኖር ሲሆን፣ ዘሩ ማፍላትን ተቋቁሞ ይተርፋል፤ የበሰለው ሩዝ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ከቆየ ይራባና የሚያስመልስ መርዝ ያመነጫል። ያ መርዝ ደግሞ ዳግመኛ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈውን በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው አቀዝቅዘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፤ በማግስቱም አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ አሙቀው ይብሉት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የሚበላውን ያህል ብቻ ያብስል። «የደብረ ብርሃን ሌሊት ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» የሚለውን አባባል አትመኑት፤ በወጥ ቤት ውስጥ በተከደነ ድስት ያለ ሩዝ ብርዱ ሳይደርስበት ለረጅም ጊዜ ለብ እንዳለ ይቆያል። በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት በዚህ ጉዳይ ቸልተኝነት እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ፓስታን በእንጀራ መብላት ትክክል ነው?

መልስ፦ ቤተሰብዎ የሚወደው ከሆነ ትክክል ነው። ሱጎውን ብቻ ወፈር አድርጉት፤ ስፓጌቲውንም ከመቀቀሉ በፊት ስበሩት፤ ለመጉረስ ይመቻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለባቸው። ሩዝና ፓስታ ጨርሶ ይከልከሉ?

መልስ፦ የአባትዎን መጠን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው፤ ከአበሳሰሉ በኩል ግን ልረዳዎ እችላለሁ። ከዱረም ስንዴ የተሠራ፣ ከመጠን በላይ ያልተቀቀለ ፓስታ ከነጭ ሩዝ ይልቅ ስኳርን በዝግታ ወደ ደም ይለቃል፤ እየላቆጠ በሄደ ቁጥር ግን ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል። የሳህናቸው ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ፎሶሊያ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሥጋ፣ ሩቡ ብቻ ፓስታ ይሁን። የተለየ ምግብ ለብቻቸው ከማቅረብ ይልቅ ቤተሰቡ በሙሉ በዚህ ልክ ቢመገብ እርሳቸውም ከማዕዱ የተገለሉ አይመስላቸውም፤ ሌሎቻችሁንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ከሰል ተወድዷል፤ መብራትም ይጠፋል። ደጋ ላይ ብዙ ደቂቃ የሚፈጀውን ሩዝ እንዴት በትንሽ እሳት ላብስል?

መልስ፦ የተዘፈዘፈውን ሩዝ በልኩ ውኃና ጨው አፍልተው፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ሳይከፍቱ ያውርዱትና ድስቱን በወፍራም ጋቢ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡት። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ሙቀት ይበስላል፤ በዚያው እሳትም ሱጎውን ወይም ወጡን መሥራት ይችላሉ። ድስቱ ቢያንስ እስከ ግማሹ የሞላ ይሁን፤ ጥቂት ምግብ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ በዚህ መንገድ አይበስልም። ከመጠቅለልዎ በፊት የድስቱን ታች ፍም ወይም አመድ እንዳይኖርበት በደንብ ይጥረጉት፤ ሩዙም እንደተፈታ ወዲያው ይቅረብ እንጂ ለብ እንዳለ አይቆይ።