ከማሳ የወጣችው ግራጫ ክብ ምንድን ነች?

ወንድሜ፣ በሜታል ዲቴክተር አግኝተህ የጠየቅህባት ግራጫ ክብ (ስፋቷ 18፣ ውፍረቷ 4 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 11 ግራም) ሳንቲምም አዝራርም አይደለችም። የእርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ከባዱና ለስላሳው ብረት) ማኅተም ነች። የሚለያት የቀዳዳዎቹ አቅጣጫ ነው። የአዝራር ቀዳዳ ከፊት ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ያንተዋ ላይ ግን ሁለቱም ቀዳዳዎች ከጠርዝ ገብተው፣ በውፍረቷ መሀል ጎን ለጎን አልፈው፣ በሌላው ጠርዝ ይወጣሉ። ሲባጎ ወይም ሽቦ በዚያ ገብቶ ፊደል በተቀረጸበት ፒንሳ ትጨመቃለች፤ ከዚያ በኋላ ሽቦው ሳይቆረጥ ወይም እሷ ሳትበላሽ ጆንያው፣ ፉርጎው ወይም ቆጣሪው አይከፈትም። ላይዋ ያሉት የደበዘዙ ፊደሎች የዚያ ፒንሳ አሻራ ናቸው።

እርሳስ መሆኗን በውሃ ማረጋገጥ ትችላለህ። መጀመሪያ የቀዳዳዎቹን አፈር በእንጨት ስንጥር አውጣ። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ አጥልቃት፤ ብርጭቆውን ግን እንዳትነካ። አሁን የሚታየው ግራም ይዘቷ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 11ን ለእሱ አካፍል። እርሳስ 11.3፣ ብር 10.5፣ ናስ 8.5 ገደማ፣ ዚንክ 7.1 ይሰጣል። ስለዚህ ሚዛኑ 0.97 አካባቢ ካለ እርሳስ ነው፤ 1.05 ካለ ብር። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ 0.1 ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን እዚህ አይረባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በአየር ነው፦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ 0.06 ሚሊ ሊትር አየር ከቀረ እርሳሱን ወደ ብር ያስጠጋዋል። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርና ክሩን ነቅነቅ አድርግ፣ አረፋው ይለቃል።

እባክህ ኮምጣጤ አታስነካት! እርሳስን ይበላል፣ መርዛማ ጨውም ይፈጥራል። ላይዋ ያለው ነጣ ያለ ቅርፊት ቆሻሻ አይደለም፤ የፊደሎቹ ቅርጽ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ በሽቦ ቡሩሽ ከፋቅኸው ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ለስላሳ ቡሩሽና የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ ከነካሃት በኋላ እጅህን ታጠብ። እንጨት ሣጥንና ካርቶን የሚያወጡት የአሲድ ትነት እርሳስን ስለሚያበላሽ በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጣት።

ጽሑፉን ለማንበብ ክፍሉን አጨልመህ ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራ፣ እሷን ቀስ እያልክ አዙራት። ከማስመሪያ ጋር የሁለቱንም ፊትና የጠርዟን ፎቶ ላክ፤ አንዱ ላይ ስም፣ ሌላው ላይ ቁጥር ሊኖር ይችላል።