አሮጌ ጠመንጃ ምኑ ይማርካል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው፣ 24 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆች የድሮ የጦርነት ጠመንጃ ሲሰበስቡና ሲተኩሱ አያለሁ፣ ባለፈው አንዱ የኛ አንበሳ ማህተም ያለበትን ይዞ ሲያሳይ አይቼ ክው ነው ያልኩት። አዲስ መሣሪያ እያለ በዛ ጊዜ ባለፈበት ከባድ ብረት ምኑ ነው እንዲህ የሚይዛቸው? ጓደኞቼ የጦርነት ሱስ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አልመሰለኝም።

መልስ፦ ልጄ እኔም አልመሰለኝም። ብዙ ዓመት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፣ ጦርነት የሚወድ ሰው አሮጌ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል? አዲሱን ነው የሚፈልገው። አሮጌውን የሚፈልገው ይሄን ማን ተሸክሞት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ያየኸው ቤልጅግ ሳይሆን አይቀርም። ቤልጅግ የምንለው ቤልጅየም ያለው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው ማውዘር የሚባለው ጠመንጃ ነው፣ ጃንሆይ ከጣልያን ወረራ በፊት አስመጥተውት የነበረ። አንዱን መጀመሪያ የያዝኩበትን ቀን አልረሳውም፣ የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል፣ ቆዳው እርጥብ እያለ ነው የሚሰፋው፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ስፌቱ ላይ አውራ ጣት የምታርፍበት ቦታ ለስልሶ ያብለጨልጫል፣ ማለት ከተጠገነ በኋላም አንድ ሰው ለዓመታት እዛችው ጋ እየያዘ ተሸክሞታል ማለት ነው። እኔ ጣቴን እዛ ጋ ሳሳርፍ የሆነ ሰው እጄን የጨበጠኝ ነው የመሰለኝ። ሰብሳቢዎቹም የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው፣ የፋብሪካ ማህተም፣ ተከታታይ ቁጥሩ አካሉም ማቀባበያውም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያያሉ፣ እንጨቱ ላይ የተፈቀፈቀ ስም ካገኙማ እንቅልፍ የላቸውም።

መተኮሱ ደሞ ሌላ ነገር ነው። ውጅግራን እንውሰድ፣ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ የሚባለው ጠመንጃ ነው፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት፣ አንድ ትጎርሳለች አንድ ትተኩሳለች በቃ። ባሩዱ የድሮው ጥቁሩ ስለሆነ ስትተኩስ ፊትህ ላይ ነጭ ጭስ ይቆማል፣ ንፋስ ከሌለ ኢላማህን መታኸው አልመታኸው ጭሱ እስኪገፈፍ መጠበቅ ነው። አሁን ይሄን ይዘህ የካቲት 23 ቀን 1888ን አስበው፣ በሺዎች የሚቆጠር እንዲህ ያለ ጠመንጃ አድዋ ተራሮች መሀል ባንዴ ሲጮህ። መጽሐፍ ላይ ጭሱ የለም፣ ትከሻህ ላይ ግን ይገባሃል። (ጣልያኖቹም አዲሱ 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ እያላቸው አብዛኞቹ አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው ነው የመጡት፣ የተከማቸ የድሮ ጥይት ይለቅ ተብሎ።) ጭስ የሌለው ባሩድ የመጣው በ1886 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ ለበል ነው፣ ከዛ በኋላ ተኳሹ ከየት እንደተኮሰ በጭስ መታወቁ ቀረ።

እኔ ራሴ በጣም የምወደው ኤም ዋን የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ የተዋጉበትን። ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 8 ጥይት በብረት ማቀፊያ ተይዞ ባንዴ ይገባል፣ ስምንተኛው ሲወጣ ማቀፊያው ቅጭል ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። ያቺን ድምጽ የሰማ አይረሳትም። አሜሪካ ኦሃዮ ካምፕ ፔሪ በሚባል ቦታ በዚሁ ጠመንጃ የሚወዳደሩበት ትልቅ ውድድር አለ፣ በሠራው በጆን ጋራንድ ስም የተሰየመ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ተሰልፎ መነጽር በሌለው ማነጣጠሪያ እየተነፈሰ እየቆጠረ ይተኩሳል። እዛ ጋ ችኮላ አይሠራም፣ ትንፋሽህን ካልያዝክ ጠመንጃው ያጋልጥሃል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። በቅርብ ዓመታት ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ከኛ አገር ተገዝቶ አሜሪካ ገብቷል፣ ያየኸውም በዚህ መንገድ የሄደ ይሆናል። ብረቱ ሄደ፣ ማን እንደያዘው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን ወሬውን ይዘው እዚሁ ቀሩ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ከጅሬን ነው የምጽፈው። አባታችን ካለፉ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ቆጡ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ጠመንጃ ከጥቂት ጥይት ጋር አገኘን። ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ቀብቼው በእህታችን ሰርግ እተኩሰዋለሁ እያለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አባታችሁን አላህ ይዘንላቸው። ወንድምሽን ዛሬውኑ አስቁሚው፣ በማርያም ልበልሽ በአላህ፣ አይተኮስም። ስንት ዓመት ቆጥ ላይ የተኛ አፈሙዝ ውስጥ ዝገት ይኖራል፣ ተርብ ጭቃ ሠርቶበት ሊሆን ይችላል፣ ጥይቱ ሲወጣ መንገዱ ከተዘጋ ብረቱ የሚፈነዳው የተኳሹ ፊት አጠገብ ነው። ጥይት ጎርሶ እንደሆነም አታውቁም፣ ስለዚ ጎርሷል ብላችሁ ነው መቁጠር ያለባችሁ፣ አትነካኩት፣ ልጆች አይድረሱበት። ደሞም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ሳይኖር መሣሪያ መያዝ ያስቀጣል፣ የአባት ነው ማለት አያድንም። ይዛችሁት መንገድ እንዳትወጡ፣ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ነገር አገኘን በሉ፣ እነሱ እንዴት እንደሚሆን ይነግሯችኋል።

ቫርኒሹን በተመለከተ የኔን ልንገርሽ። የአያቴን ጠመንጃ፣ ፈቃድ የነበረውን፣ እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ዘመድ ያምራል ብሎ አናጺ ጋ ወሰደው። ሰደፉ ላይ አያቴ በቢላ የፈቀፈቋት ትንሽ መስቀልና የስማቸው መጀመሪያ ፊደል ነበረች፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ወንበር ያብረቀርቃል፣ መስቀሏም ፊደሏም የሉም። አያቴ በጣታቸው ቦታዋን ዳብሰው ዝም አሉ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በሕጋዊ መንገድ እናንተው ጋ እንዲቆይ ከተፈቀደ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጡ ይቅር፣ የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ጫማ እንኳን ይሻግታል፣ ጨርቅና ቆዳ እርጥበት ይይዛሉ፣ ብረቱን ይበሉታል። ስስ ዘይት በንጹህ ጨርቅ፣ በየጊዜው፣ እንጨቱ ሳይነካ። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያው ጨው የሚተው ኬሚካል ስላለው ድሮ የተተኮሰበትና ያልታጠበ አፈሙዝ ከውስጥ ነው የሚበላው፣ እኛ ግምጃ ቤት ከተተኮሰ በኋላ በፈላ ውሃ አጥበን አድርቀን ነበር ዘይት የምናስገባው፣ ጨውን ዘይት አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች ሲፎክሩ የሚጠሯቸው የጠመንጃ ስሞች ከየት የመጡ ናቸው? ሰናድር ምናምን የሚሉት?

መልስ፦ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፣ በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው የቀየሩት። ሬሚንግተን ደሞ በብዛት የተገኘው ከግብጾች በምርኮ ነው፣ ጉንደትና ጉራዕ ላይ በ1875 እና በ1876 እ.ኤ.አ.። ንግዱም ነበረ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከጅቡቲዋ ታጁራ ወራት ተጉዞ ሸዋ ገብቷል፣ በ1887 እ.ኤ.አ. እንጦጦ ላይ ምኒልክ ዋጋውን ቆረጡበትና ያሰበውን ሳያገኝ ተመለሰ።