የቡናው ፎቶ ድባብ ያጣው በጣራው አምፖል ነው

ጠያቂያችን፣ እናትዎ ቡና ሲያፈሉ በስልክዎ ያነሷቸው ፎቶዎች ፊታቸውን ወደ አረንጓዴነት እንደሚያደሉት፣ የእጣኑ ጭስ ጨርሶ እንደማይታይና በምስሉ ላይ አግዳሚ ጥቁር መስመሮች እንደሚወጡ ጽፈውልናል። ጽሑፉን ሳነብ የጠረጠርኩት ስልኩን ሳይሆን የጣራውን አምፖል ነው። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ መስመሮቹ የሚመጡት ከዚህ ነው። አረንጓዴውም ቢሆን የዚያው የረከሰ ዕቃ ውጤት ይመስለኛል። ወዳጅዎ በመተግበሪያ አርማለሁ ብሎ ፊታቸውን ብርቱካን ማስመሰሉ ደግሞ አያስገርምም፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን በአንድ ጉንጭ ላይ ሲቀላቀሉ አንዱን ሲያስተካክሉት ሌላው ይበላሻል።

ስለዚህ አምፖሉንም ፍላሹንም ያጥፉ። እናትዎን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቀው፣ ብርሃኑ ከጎናቸውና በመጠኑ ከኋላቸው እንዲመጣ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ መስኮቱ ራሱ ግን ፎቶው ውስጥ አይግባ። ክፍሉን አጨልማለሁ ብለው መስኮቱንና በሩን እንዳይዘጉ አደራ እላለሁ፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል።

ድባብ የሚፈጠረው በርቀት ነው፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ሰፊ መስኮት ሕጉን በግምት ብቻ ቢከተልም፣ እናትዎ ከመስኮቱ አንድ ሜትር፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ሦስት ሜትር ቢርቅ፣ ለጉንጫቸው የተስተካከለ ካሜራ ግድግዳውን ያለማንም እርዳታ ያጨልመዋል። እናትዎ ከመስኮቱ አራት ሜትር፣ ግድግዳው አምስት ሜትር ቢርቁ ግን ልዩነቱ ይጠፋና ፎቶው እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ ይላል።

ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የካሜራውን ቀለም የሚያስተካክለውን ቅንብር፣ በ5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ያጽኑት፤ በክረምት ደመና 6500 ይሻላል። ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ በጣትዎ ነክተው ድምቀቱን በጥቂቱ ዝቅ ያድርጉ። የፊቱ ጥላ ከበዛ በጥላው በኩል ነጭ ነጠላ ዘርግቶ መያዝ ይበቃል፤ አብዝተው ካስጠጉት ግን ጥላው የሚሰጠውን ስሜት ያጡታል። ጭሱ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው መጥቶ ጀርባው ጥቁር ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ማጨሻውን በእናትዎና በጨለማው ግድግዳ መካከል ያኑሩት። ያን ጊዜ የጀበናው አንገትና የሲኒው ከንፈር ላይ ቀጭን የብርሃን ክር ያያሉ።

ቡናው ሲቆላ የካሜራውን ቅንብር ይሞክሩ፣ አቦል ሲቀዳ ያንሱ። ነፋስ ጭሱን ቢያወዛውዘው እንኳ መስኮቱን አይዝጉ፤ ከሰሉ እስኪጠፋ ድረስ ክፍት ይሁን።